የሰባት ወር ናት የተባለችው ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፒያሳ ላይ ማኪያቶዬን በሰላም ጠጥቼ አላውቅም። ገና ብርጭቆውን ሳነሳ አንዷ የልጅ ልጇን ታቅፋ ትመጣና «ሲስተር፣ እስቲ እዪልኝ፤ ደህና ናት?» ትለኛለች። ባለፈው ሰሞን ደግሞ አስተናጋጁ ሂሳብ ሊቀበል መጥቶ የእህቱን ልጅ ቪዲዮ ከስልኩ ከፈተና አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ልጁ ለጥ ብሎ ተኝቷል። የተኛ ልጅ ምኑ ይታያል፣ ሲነቃ ቅረጸው አልኩት። እሱ ግን አልተላቀቀኝም። እርስዎ እኮ ልጆች ገና ሲወለዱ ነው አድገው ምን እንደሚሆኑ የሚያውቁት ይላሉ፣ አለኝ።

ይላሉ። የሚባለው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጠንቋይ ሆኜ ፎቅ ሠርቼ ነበር። እኔ ነርስ ነኝ። ሥራዬ ምን እንደነበረ ደግሞ አንድ ጊዜ በደንብ ልናገርና ይውጣልኝ።

ከሥራ ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍኩት ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን በመከታተል ነው። እነዚህ ልጆች ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ከገቡ በኋላ ወላጆቻቸው አንድ ጭንቀት ይዘው ይኖራሉ። ጭንቅላቱ ተጎድቶ ይሆን? ይሄዳል? ይናገራል? እኛ ደግሞ ልጁ ገና በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ሳለ የመልሱን ፍንጭ ለማግኘት እንሞክር ነበር። ቀድሞ ከታወቀ ቀድሞ ይታገዛል። የሕፃን አእምሮ ገና እየተሠራ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደረግለት እርዳታ በኋላ ከሚደረግለት ይበልጥ ይጠቅመዋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጥንቆላ የለበትም።

እዚያ ሥራ ላይ የደረስኩት ዞሬ ዞሬ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። እዚያ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ሲገጥመን እናቱ ደረት ላይ ለጥፈን፣ ጋቢ ደርበን፣ የቀረውን ለፈጣሪ እንሰጥ ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ተዛውሬ ተወልጄ ያደግሁበት አራዳ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገባሁ። የክፍሉ ኃላፊ የጫማዋ ድምፅ ከኮሪደሩ ጫፍ ሲሰማ ሁላችንም ባንዴ እጃችንን መታጠብ የምንጀምርላት ዓይነት ሴት ነበረች። ክፉ አልነበረችም፤ ኢንፌክሽን የሚባል ነገር ግን ያሳብዳት ነበር፣ ስንቱ ልጅም በእሷ እብደት ተርፏል። ስለ ደሞዙ ባናወራ ይሻላል። ስለምንሞላው ወረቀት ደግሞ፣ ከሥራዬ ሁሉ ያልናፈቀኝ እሱ ብቻ ነው ብል ይበቃል።

በኋላ የክትትል ክፍል ሲከፈት ማን ይሂድ ተባለ። የአዳር ተራ አንገፍግፎኝ ስለነበር እጄን አወጣሁ። ቅዱስ ዓላማ ነበረኝ ብዬ አልዋሽም።

ክፍሉ ውስጥ ያገኘኋቸው ሰው ዶክተር ፈለቀ ናቸው። የጡረታ ዕድሜያቸው አልፎ በኮንትራት የሚሠሩ፣ ቀጭን፣ ሳይስቁ የሚቀልዱ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሕፃን አስተኛሁላቸው። ጉልበቱን በመዶሻ ይመታሉ፣ ዓይኑ ላይ መብራት ያበራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ስበው ልጁ እግር ዘንድ ተቀመጡና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። የልጁ እናት ተቁነጠነጠች። ቆየት ብዬ፣ ዶክተር፣ ምን ላቀብልዎት ብላቸው፣ ዓይናቸውን ከልጁ ሳያነሱ «ዝምታ» አሉኝ።

ሥራው ማየት ነበር። ልጁ ጠግቦ፣ ነቅቶ፣ ሳያለቅስ በጀርባው ይተኛል። ክፍሉ መሞቅ አለበት፤ ክረምት ላይ ማሞቂያውን ቀድሜ የምለኩሰው እኔ ነበርኩ። አሻንጉሊት የለም፣ ጡጦ የለም፣ «የኔ ጌታ፣ የኔ ማር» ብሎ ማባበል የለም። የእኛ ሰው ልጁን ግጥም አድርጎ ጠቅልሎ ስለሚያመጣ፣ ከፈታነው በኋላ ሰውነቱ መጠቅለሉን እስኪረሳ እንጠብቃለን። ዶክተር ይህን ጊዜ በፍጹም አያሳጥሩትም። ከጥቅልል የወጣ ልጅ እግሩን ገትሮ ይቆያልና የቸኮለ ሰው ግትር ነው ብሎ ይፈርዳል።

ከዚያ እንቅስቃሴው ይጀምራል። ደህና የሆነ ልጅ ሲንቀሳቀስ መላ ሰውነቱ ይሳተፋል። እጁ ይጀምረዋል፣ ወገቡ ይቀበለዋል፣ እግሩ ያበርደዋል፤ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ አይያዝም። ያልታደለው ልጅ ግን ሁሉ ነገሩ ባንዴ ይጨማደድና ባንዴ ይለቃል። ከሁሉ በላይ የምንጠብቀው ደግሞ «ትንንሾቹ» የምንላቸውን ነበር። ልጁ በቀኑ ቢወለድ ኖሮ ይወለድ ከነበረበት ጊዜ ተቆጥሮ ሦስት ወር ግድም ሲሆነው፣ አንገቱ፣ ትከሻው፣ የእጁ አንጓ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ረቂቅ እንቅስቃሴ ይመጣል። ውሃ ሊፈላ ሲል ከድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋ እንደሚያነሳው ነው። እነሱ ከታዩ ልጁ የመሄድ ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው። በወቅታቸው ከጠፉ ያሰጋል። አምስት ወር ገደማ ሲሞላው ደግሞ ወቅታቸው ያልፍና ልጁ አስቦ እጁን መዘርጋት ሲጀምር በዚያ ይሸፈናሉ። ያኔ ቢፈልጓቸውም የሉም።

ስለዚህ ሁሉ ነገር በወር ቆጠራው ላይ የቆመ ነው። ዶክተር ፈለቀ እናቶችን «በስንት ወርሽ ወለድሽ?» ብለው አይጠይቁም ነበር። ያ ጥያቄ ውሸት ይጠራል ይሉ ነበር። የወር አበባ በመጨረሻ ያየሽው ፍልሰታ ሳይገባ ነው? ጥምቀት አልፎ ነበር? ለሙስሊሞቹ ደግሞ ረመዳን፣ ዒድ፣ አረፋ። የሁለቱንም ሃይማኖት በዓልና ጾም የየዓመቱን በቃላቸው ይዘው ወደ ኋላ እየቆጠሩ ቀኑን ያወጡት ነበር። ሴት ቀን ትረሳለች፣ ጾም ግን አትረሳም ይሉኝ ነበር። እውነትም ብዙ ጊዜ ልክ ነበሩ።

አምስት ኪሎ የሚኖር የአንድ ልብስ ሰፊ ልጅ ላይ ዶክተር ገና ከጅምሩ መጨማደዱን አዩ። አንድ ጊዜ አይተው አልተናገሩም፤ ሁለት ጊዜ ሳያዩ አይናገሩምና። ሁለተኛው ቀን አባትየውን አስቀምጠው ነገሩት፤ እኔ ለእናትየው የእግርና የእጅ እንቅስቃሴ አሠራሩን አሳየኋት። ያ ልጅ ዛሬ እግሩን ትንሽ እየጎተተ በራሱ ትምህርት ቤት ይሄዳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጄን ጨብጦ አይለቅም። እንዲህ ዓይነቱ ነው ሰዉን «ሲስተር ታውቃለች» ያሰኘው።

የኢክራም ግን ሌላ ነው።

ኢክራም የሰሚራ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ሰሚራ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ትሠራ የነበረች፣ ጨዋታዋ የሚጥም ልጅ ነበረች፤ ባሏ እዚያው ጫማ ይነግድ ነበር። ደም ግፊት ታማ ያለ ቀኗ በሌላ ሆስፒታል ወለደችና ልጅቷ ተሽሏት ስትወጣ ለክትትል ወደ እኛ መጡ። ልጅቷ ሚጢጢ ናት። ይዘዋት የመጡት ሰሚራና አማቷ እማማ ነፊሳ ነበሩ። ዶክተር እንደ ልማዳቸው በጾም ጠየቁ፤ ረመዳን ሊገባ ሲል ነው ወይስ ዒድ ካለፈ በኋላ? ሰሚራ ሳትመልስ እማማ ነፊሳ ቀደሙና «ዒድ አልፎ ነው» አሉ። ሲቆጠር በሰባት ወሯ የተወለደች ሆነች። የልጅቷም ማነስ፣ ይዘውት የመጡት ካርድም ከዚያ ጋር ገጠመ።

ሦስተኛው ወር ላይ እንዲመጡ ቀጠርናቸው። በዚያ መሀል ሰፈራቸው ፈረሰ። ያኔ ስንቱ ቤተሰብ ከአራዳ ተነስቶ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም እንደገባ የምናውቅ እናውቀዋለን። ሱቁም ቤቱም ተነሳ፣ ቀጠሮውም አለፈ። ሲመጡ በእኛ ሂሳብ ልጅቷ አራት ወር ገደማ ነበረች። ዘግይተዋል፣ ግን ወቅቱ አላለፈም።

አስተኛናት። ጠበቅናት። ትንንሾቹ የሉም። እግሯ እንደ ተጠቀለለ ግትር ብሏል። ዶክተር በርጩማቸውን አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩዋት። በመሀል እጇን ዘርጋ አድርጋ የሻሼን ጫፍ ያዘች። «እጇ ቀድሟል» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ግንባራቸው ተኮማትሮ። ወደ እማማ ነፊሳ ዞረው ወሩ ትክክል መሆኑን እንደገና ጠየቁ። ሰሚራ አማቷን አየች። አማቷ «ሰባት ናት አልኩዎት እኮ» አሉ። ሰሚራ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

ዶክተር ሁለተኛ ማየት ነበረባቸው። ግን እነዚህ ሰዎች ሦስት ታክሲ ቀይረው ነው የመጡት፤ ዳግመኛ ባይመጡስ? ጊዜው ካለፈ ልጅቷ ናት የምትጎዳው። ይህን ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ፊታቸው ላይ አነበብኩት። ከዚያ ተናገሩ። ምናልባት የሚለውን ቃል ደጋግመው፣ እርግጠኛ አይደለሁም ብለው፣ እግሯ ሊቸገር ይችላልና ከአሁኑ እንጀምር አሏት። እኔ ቆሜ እሰማ ነበር፤ ከዚህ በላይ ተጠንቅቆ መናገር አይቻልም። ሰሚራ ግን የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ አትሄድም።

ሰሚራ ሥራዋን ተወች። በየሳምንቱ ከዚያ ሁሉ መንገድ ልጅቷን አዝላ ትመጣና የእግሯን እንቅስቃሴ አሠራታለሁ። ጨዋታዋ ጠፋ። ልጅቷን መሬት አታስነካትም፤ ስታዝላት ካልሆነ ታቅፋት ነው። እባክሽ ምንጣፍ ላይ ልቀቂያት፣ በሆዷ ትተኛ፣ ትፍጨርጨር እላታለሁ። እሺ ትለኛለች። ግን የልጅቷ ክርን ላይ አንዲት የምንጣፍ ምልክት እንኳ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ተቆጥቼ ስናገራት «ሲስተር፣ ስትወድቅ ማየት አልችልም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እኔም መቆጣት አቃተኝ።

ነገሩ ግን ሌላ መልክ እያመጣ ነበር። የኢክራም እግር በእጄ ውስጥ ለስላሳ ነው። ስይዛት ትራገጣለች፣ ስገለብጣት ትገለበጣለች። ያለ ድጋፍ መቀመጥ የጀመረች ቀን ዶክተርን ጠራኋቸው። መጥተው አዩ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና አዩ። ከዚያ እማማ ነፊሳን ሻይ ጋብዣቸው ብለው ከክፍሉ አስወጧቸው፤ እኔ አድርሻቸው ተመለስኩ።

ዶክተር ፈለቀ ሰሚራን አስቀምጠው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለማንም እናት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ወሩን ለምን እንደሚጠይቁ ነገሯት። ትንንሾቹ እንቅስቃሴዎች በየትኛው ወቅት መጥተው በየትኛው እንደሚሄዱ፣ አንድ ወር ብትዛባ ፍርዱ ሁሉ እንደሚገለበጥ፣ አንድ በአንድ አስረዷት። ሰሚራ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያየሁት ረመዳን ሳይገባ ነው» አለች በመጨረሻ። «የመጨረሻዎቹን ቀናት ጾሙን መጨረስ አቅቶኝ ነበር፣ ያስመልሰኝ ነበር። በስምንት ወሯ ነው የተወለደችው። እንዳትሞት ብለን ነው ዶክተር።»

በየሰፈሩ የሚወራውን የማያውቅ የለም። የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም ይባላል። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሐሰት መሆኑን ግን ሺህ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። እማማ ነፊሳ ልጅቷ ገና እንደተወለደች ስምንት የሚለው ቃል ቤት ውስጥ እንዳይነሳ ከልክለው፣ በወለደችበት ሆስፒታል ካርድ ላይም ሰባት አስጽፈው ነበር። የዶክተሩን አጠያየቅ ደግሞ አራዳ ሁሉ ነቅቶበታል ለካ። ተራ የሚጠብቁ ሴቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ በበዓል ነው የሚጠይቁሽ፣ እንዲህ በያቸው እየተባባሉ ያጠኑ ነበር። እማማ ነፊሳ መልሱን ይዘው ነው የገቡት። በአጭሩ ሸወዱን። ልጅቷን ለማኖር ብለው ነው፤ ማንም ደግሞ ወሩ ምን እንደሚያደርግ አልነገራቸውም። እኔ ራሴ ያን ያህል ዘመን ስጠይቅ ምክንያቱን ተናግሬ አላውቅም። መንገሩ የሐኪም ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ዶክተር ሒሳቡን እንደገና ሠሩ። ባየናት ቀን ልጅቷ አምስት ወሯን አልፋ ነበር፤ ትንንሾቹ መጥተው ሄደዋል፣ እግሯ የገተረው ያን ሁሉ መንገድ ተጠቅልላ ስለመጣች ነው፣ እጇም ሻሼን የያዘው በጊዜው ነው። ለሰሚራ ልጅሽ ደህና ናት አሏት። እኔ አሁን ታለቅሳለች፣ ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰሚራ ተነስታ ልጇን አዘለች።

«ያኔ ትቸገራለች አሉኝ፣ አመንኩዎት። አሁን ደህና ናት ይሉኛል» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «የትኛውን ልያዝ?»

በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም። ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ስደውል ስልኩን አታነሳም። አንድ ቀን ባሏ አነሳና፣ ልጅቷ ዓመቷን አልፋ ገና ከእናቷ ጀርባ እንዳልወረደች፣ እሱ መሬት ሊያስቀምጣት ሲል ሰሚራ እንደምትጮህ ነገረኝ። ደህና የሆነች ልጅ በፍርሃት ብቻ ሳትሄድ ልትቀር ነው። ለዶክተር ስነግራቸው ነጭ ጋውናቸውን አውልቀው ሰቀሉና «ነገ ቅዳሜ ነው፣ ይዘሽኝ ሂጂ» አሉኝ።

ከቸርችል ጎዳና ታክሲ ይዘን ሄድን። ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም፤ በየደረጃው እያረፉ ወጡ። በሩን የከፈቱልን እማማ ነፊሳ ናቸው። ዶክተሩን ሲያዩ ፊታቸው ዳመነ፣ ግን እንግዳ ነውና አስገቡን። ሰሚራ ሶፋው ላይ ልጇን እንዳቀፈች ተቀምጣለች። ኢክራም ወፍራለች፣ ዓይኗ ቁልጭ ቁልጭ ይላል፣ እኔን አይታ ተንጠራራች። እናቷ መልሳ ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

ዶክተር ፈለቀ ወንበር ቢቀርብላቸው እምቢ አሉ። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ በዚያ ዕድሜ መቀመጡ ራሱ ሥራ ነበር። ለሰሚራ ይቅርታ ጠየቋት። ሁለት ጊዜ ሳላይ መናገር አልነበረብኝም፣ ስለምጠይቀው ነገርም አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር አሉ። ከዚያ ልጅቷን ምንጣፉ ላይ አስቀምጫት ብለው ለመኗት። ሰሚራ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ለመንኳት። ትወድቃለች አለች። ትውደቅ፣ ሕፃን ሁሉ ይወድቃል አልኳት። እንባዋ በልጅቷ ፀጉር ላይ ይወርድ ጀመር፣ እጇ ግን አልላላም።

እማማ ነፊሳ በር ላይ እንደቆሙ ነበሩ። ሰሚራ ለዶክተሩ እውነቱን መናገሯን አያውቁም፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ወደ ምራታቸው ተጠጉ። የሚናገሩት ቃል ልጅቷን እንደሚገድላት የሚያምኑ ሴት ናቸው፣ ልጅቷም እፊታቸው ናት።

«ስምንት ወሯ ነው» አሉ። «ዶክተር፣ የስምንት ወር ልጅ ናት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ልጅቷን አዩ። ኢክራም በጣቷ የእናቷን የአንገት ሐብል እየጎተተች ነበር። ምንም አልሆነችም። «ይኸው ተናገርኩ፣ ልጅቷም በሕይወት አለች። በይ አስቀምጫት ልጄ።»

ሰሚራ አማቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ዕቃ ሊሰበርባት እንደሚችል ሰው፣ ከሶፋው ተነሳችና ልጅቷን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ራቅ ብላ ቆመች። ኢክራም እጇን ወደ እናቷ ዘርግታ አለቀሰች። ማንም አላነሳትም። እኔ ራሴ እንዳላነሳት ጣቶቼን ቆላልፌ ነበር። ጥቂት አልቅሳ ሰልችቷት ዝም አለች፣ ዳኸች፣ ጉልበቷ እየተንሸራተተ የእናቷ እግር ዘንድ ደረሰች። የእናቷን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨበጠች። አንድ ጊዜ በቂጧ ቁጭ አለች። እንደገና ጨበጠችና ተነስታ ቆመች።



«ዶክተር» አለች ሰሚራ፣ ዓይኗን ከልጅቷ ሳታነሳ። «ትሄዳለች?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ አዎ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔን አትጠይቂኝ» አሏት። «እሷን እያት።»

ሰሚራ ጎንበስ አለች። አላነሳቻትም። ሁለቱን ትንንሽ እጆች ያዘችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።